የሳሮን ገመድ በሆልመንኮለን ጫካ

ጎህ ሲቀድ፣ ቫይትቬት

ከቤት ስንወጣ የሰፈራችን የገበያ ማዕከል መብራት ገና አልጠፋም። ትናንት ቀልጦ የነበረው በረዶ ሌሊቱን ተመልሶ መስታወት ሆኗል፤ ስለዚህ ባለጥርሱን ጎማ ከጫማዬ ሥር አስሬ ዱላዬን ይዣለሁ። የልጅ ልጄ ሳሮን ከፊቴ ትቸኩላለች። ብርቱካንማ ሰደርያዋን ከቤት ጀምራ ለብሳዋለች።

ዛሬ ከየአገሩ የመጡ የበረዶ ሸርተቴ የስኪ ተወዳዳሪዎች ሆልመንኮለን ኮረብታ ላይ እየዞሩ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ። ሳሮን በነጻ ከሚያገለግሉት አንዷ ናት። ጫካው ውስጥ ተመልካች መስመሩን የሚሻገርበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ገመድ ይዛ ትቆማለች፤ ተወዳዳሪ ሲመጣ ትዘጋለች፣ ሲያልፍ ትከፍታለች። ለመጀመሪያ ጊዜዋ ነው፤ ስትገላበጥ አደረች።

«እማማ፣ አንድ ሰው ከገባብኝ ተወዳዳሪው ይወድቃል። የስንት ጊዜ ልፋቱ በእኔ ምክንያት ገደል ገባ ማለት ነው።»

«ማን አባቱ ይገባል? ቀጥ ብለሽ ቁሚ እንጂ!»

እኔም የራሴ ጉዳይ አለኝ። ቢሮ ሳጸዳ በኖርኩባቸው ዓመታት ይህን ውድድር በቴሌቪዥን ጀምሬ፣ መጨረሻውን ሳላይ ለፈረቃዬ እወጣ ነበር። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ሳሮን የስታዲየም ቲኬት ገዝታልኛለች፤ ሲጨርሱ በዓይኔ ላያቸው ነው።

«ብቻ አደራ፣ ስታዲየሙ ከመስመሩ ማዶ ስለሆነ ከመጨረሻው ዙር በፊት ተሻገሪ» አለችኝ። «ከዚያ በኋላ የመጨረሻው ሰው እስኪያልፍ ገመዱ አይከፈትም።»

«ሰምቻለሁ።»

ባቡሩ ውስጥ

ማዮርስቱን ጣቢያ ላይ ባቡር ቀየርን። ወደ ኮረብታው የሚወጣው ባቡር ጢም ብሏል፦ ስኪ፣ ዱላ፣ ቴርሞስ፣ ቃጭል፣ ባንዲራ የተቀባ ጉንጭ። በሌላው ቀን እዚህ አገር ባቡር ላይ አጠገብህ የተቀመጠ ሰው ትንፍሽ አይልም። ዛሬ ግን ሁሉም ያወራል። ቢጫ ኮፍያ ያደረጉ ስዊድኖች ሲዘፍኑ ኖርዌጂያኖቹ ያበሽቋቸዋል። አንዲት ቀይ ኮፍያ ያደረገች ሴትዮ ወደ እኔ ዞራ፣

«አንቺስ የማን ደጋፊ ነሽ?» አለችኝ።

«ቀድሞ የሚመጣው። ከዚያ ደግሞ መጨረሻ የሚቀረው።»

ፎርጎው በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነው።

ጫካው

በጥድ ዛፎቹ መካከል ጭሱ ይግተለተላል። ድንኳን ተክለው እዚያው ያደሩ አሉ። በረዶውን ቆፍረው መቀመጫ ሠርተው የአጋዘን ቆዳ አንጥፈውበታል። ሕፃናት በሸርተቴ ላይ ተኝተዋል። ቋሊማው ከሰፈራችን እጥፍ ዋጋ ነው፤ ቢሆንም ሰልፉ አያልቅም። አንዱ በነጻ ሲሰጠኝ «ጾም ላይ ነኝ» አልኩትና ከቦርሳዬ ዳቦ ቆሎ ዘገንኩለት።

መጀመሪያ የሚሰማው ቃጭሉ ነው። ከታች ይነሣል፣ ዛፍ ለዛፍ ይወጣል፣ በርታ ለማለት «ሃይያ! ሃይያ!» እየተባለ ያልፋል። ልብ ብዬ አየሁ፦ ለራሳቸው አገር ልጅ ይጮኻሉ፣ ለስዊድኑም ይጮኻሉ፣ ስሙን ለማያውቁትም ይጮኻሉ። ደስ አለኝ።

ገመዱ ጋ

ሳሮን ቀጥ ብላ ቆማለች። ዝንጅብል ሻይ ሰጠኋት፤ ዓይኗን ከመስመሩ ሳትነቅል ጠጣች። ገመዱን ስትከፍት ሰው ይሻገራል፤ ስትዘጋ ይቆማል።

አንድ ረጅም ሰውዬ፣ አንገቱ ላይ ትልቅ የላም ቃጭል ያንጠለጠለ፣ ገመዱ እንደተዘጋ ጎንበስ ብሎ ሊሾልክ ሲል አየሁት። በያዝኩት ዱላ ከፊቱ ያለውን በረዶ ወጋሁ።

«ኔይ፣ አይሆንም! ሁሉም ይጠብቃል!»

«ልጆቼ እዚያ ማዶ ናቸው እኮ።»

«የሁሉም ሰው ልጅ የሆነ ቦታ ነው! አንተ በምንህ ትለያለህ?»

ተጨቃጨቅን። እሱ አንድ ሲል እኔ ሁለት ስል፣ ገመዱ ለካ ከጀርባዬ ተከፍቶ፣ ሰው ተሻግሮ፣ ተመልሶ ተዘግቷል። ዞር ስል ሳሮን አንገቷን ነቀነቀች።

«የመጨረሻው ዙር ነው፣ እማማ።»

«በይ ቶሎ ልለፍ። አሁን ማንም የለም።»

«አይቻልም።»

«ቲኬቱን ራስሽ አይደለሽ የገዛሽልኝ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። አይቻልም።»

«ያሳደግሁሽን እኔን?»

ገመዱን አልለቀቀችም። ዙሪያችን ያለው ሰው ቋንቋውን ባይሰማም ነገሩ ገብቶታል። አያቷን ታሳልፍ እንደሆነ ነው የሚያዩት። እኔን ካሳለፈች ያን ሰውዬ በምን አፏ ትከለክላለች? ሰውዬው ቃጭሉን አንዴ አንቃጨለና፣

«ሁሉም ይጠብቃል፣ በስተሙር!» አለኝ፤ አያቴ ማለቱ ነው።

ጫካው በሳቅ አውካካ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብዬ፣ ከሰውዬው ጎን ዱላዬን ተክዬ ቆምኩ።

ወዲያው ተወዳዳሪዎቹ ከመታጠፊያው ብቅ አሉ። እኔ ልረግጠው በነበረው ቦታ ላይ ሦስት ሰዎች እንደ ንፋስ አለፉ። ጢማቸው ላይ በረዶ ተጋግሯል፤ ትንፋሻቸው ፊቴን ነካኝ። ሳሮን አየችኝ፤ እኔም አየኋት።

ትንሽ ቆይቶ ከታች ከስታዲየሙ ጩኸቱ ተነሣ። አለቀ። ሌሎቹ አንድ በአንድ እያለፉ፣ እኛ እየጮኽን ቆየን። በመጨረሻ አንድ ብቻውን የቀረ መጣ፤ እግሩ ይንቀጠቀጣል። ሰውዬው ቃጭሉን አውልቆ በሁለት እጁ ነቀነቀው፤ እኔ እልልታዬን ለቀቅሁት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ከዚያ ዙሪያችን ያሉ ልጆች እልልታዬን እንደምንም ሊያስመስሉት ሞከሩ። ተወዳዳሪው ቀና ብሎ ፈገግ አለ።

ሳሮን ገመዱን ከፈተች። ሰውዬው ከመሻገሩ በፊት ብርቱካን ልጦ ግማሹን ሰጠኝ።

«ጎበዝ ልጅ ናት» አለ።

«የእኔ ናት» አልኩት።

መልስ

ባቡሩ ላይ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች።

«እማማ፣ ተቀየምሽኝ?»

«ብታሳልፊኝ ነበር የምቀየምሽ።»

ቫይትቬት ስንደርስ ጎረቤቴ ወይዘሮ አልማዝ በር ላይ አገኘችን። ለዚህ ቀን ስንት ጊዜ እንደጓጓሁ ታውቃለች።

«እሺ፣ ማን አሸነፈ?»

«ማን እንዳሸነፈ አላየሁም» አልኳት። «በሳሮን ገመድ ግን ማንም አልሾለከም። እኔም ጭምር።»