የሱቃችን ሁለተኛ ቁልፍ

«የምትመጪው ልትመለሺ ነው ወይስ ልትጠይቂን?»

ይህን የጠየቀችኝ እማ ሂንዲያ ናት፤ ከድሬ በወጣሁበት ምሽት፣ ሱቃችን ደጃፍ ላይ ቆመን። ዓመታት አለፉ፤ መልሱን ዛሬም አላውቀውም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ሰፈራችን ከዚራ ከቀትር እረፍቷ ነቅታ ሱቆቹ አንድ በአንድ መብራት ያበራሉ፤ ከአስፋልቱ የሚነሳው ሙቀት ገና አልበረደም። ባጃጁ ሻንጣዬን ጭኖ ይጠብቀኛል። ከቦርሳዬ የእናቴን ቁልፍ አውጥቼ ዘረጋሁላት። እጇን ሻርፗ ውስጥ ሰበሰበች።

«ይሄ የእናትሽ ነው፤ እኔ የራሴ አለኝ።»

«እኔ ከሄድኩ ታዲያ በምን ይከፈታል?»

«አቦ፣ አንቺ ደግሞ። የእናትሽን ጓጉንቸር ሳልቆልፈው አንጠለጥለዋለሁ። ሌባ ከሩቅ ሲያየው ሁለት ነው።»

ሳቀችና ያንን ጥያቄ ጠየቀችኝ። ባለባጃጁ ጥሩንባውን ነፋ። አቀፍኳት። እቅፌን እንደ መልስ ሳትቆጥረው አልቀረችም።

ሱቁን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ጨርቃ ጨርቅ ነው የምንሸጠው፦ ሽርጥ፣ የሶማሌ ሴቶች ድርያ፣ አቡጀዲ፣ የተማሪ ዩኒፎርም። የከፈቱት እናቴና እማ ሂንዲያ ናቸው፤ እኔ ሳልወለድ። እናቴ ከደጋ የመጣ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናት፣ ክርስቲያን፤ እማ ሂንዲያ ሶማሌ ናት፣ ዘመዶቿ ከጅቡቲ ዕቃ የሚያመላልሱ። በደም አይገናኙም። የሱቁ መዝጊያ ላይ ሁለት ጓጉንቸር ነበር፤ አንዱ አያቴ ከባቡር ጣቢያ ያመጣው ጥቁር ብረት፣ ቁልፉ ጣት የሚያህል፤ ሌላው የእማ ሂንዲያ የጅቡቲ ነሐስ። አንዷ ያለ ሌላዋ መክፈት አትችልም።

ሰው ስላልተማመኑ ይመስለዋል። እናቴ ግን «ሁለት ቁልፍ ያለው ቤት ሐሜት አይገባውም» ትል ነበር። ነገሩ ከዚያም ያልፋል። አንዷ ጠዋት ከቀረች ሌላዋ ቁልፍ ፍለጋ ቤቷ ድረስ ትሄዳለች፤ ስትሄድ አሟት ታገኛታለች፣ ወይም አኩርፋ፣ ወይም ስታለቅስ አድራ። ቁልፍ ልትቀበል የሄደችው ሾርባ ሠርታ ትመለሳለች። በዚያ ቀን ሱቁ አርፍዶ ይከፈታል፤ ደንበኞቻችንም «ለምን አረፈዳችሁ» አይሉም፤ «የትኛችሁን አመማችሁ» ነው የሚሉት።

እኔ በዚያ ጨርቅ መሐል አደግሁ። የተማርኩት ዘግይቼ ነው። ባንኮኒው ሥር ተደብቄ እያነበብኩ፣ ማታ ማታ እየተማርኩ፣ ጓደኞቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲያስገቡ እኔ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። እናቴ ካረፈች በኋላ ጀርመን አገር የምርምር ዕድል አገኘሁ። ጥናቱ ስለ ቤተሰብ ንግድ ነው፤ ከወላጅ ወደ ልጅ እንዴት እንደሚተላለፍ፣ ለምን በመሐል እንደሚሞት። በእነሱ ቋንቋ ፋሚሊየንኡንተርኔመን ይባላል፤ እንደ ድሮው ባቡራችን ብዙ ፉርጎ የሚጎትት ቃል።

እዚያ እንደደረስኩ ኤርፖርት ላይ ፈታሹ ቁልፉን ከቦርሳዬ አውጥቶ በሁለት ጣቱ አንጠለጠለው።

«ምንድን ነው የሚከፍተው?»

«ሱቅ።»

«የት ያለ ሱቅ?»

«ድሬዳዋ።»

«ቁልፉ እዚህ ከሆነ ሱቁ ተዘግቷል ማለት ነዋ።»

«አይ፣ ክፍት ነው።»

ቁልፉን አየ፣ እኔን አየ። «ይለፉ» አለኝ፤ ከእብድ ጋር ላለመከራከር እንደሚባለው።

ቤት ያከራየችኝ ፍራው ብራንት ትባላለች፤ ፍራው ማለት ወይዘሮ ነው። ባሏ ሞቶባት ብቻዋን የምትኖር፣ ደረጃዋ ከመወልወል ብዛት የሚያበራ ሴት። እኛ ድሬዎች አንቱታ እንደማናውቅ ታውቃላችሁ። በመጀመሪያው ቀን በቋንቋዋ «አንቺ» ብያት ለሳምንት ሰላምታ ነሳችኝ። ከዚያ የቤቱን ደንብ ልትነግረኝ መጣች። ከቀኑ ሰባት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሚታግስሩሄ ነው አለችኝ፣ የቀትር ጸጥታ። የአገሬን ሰው ያገኘሁ መሰለኝ።

«እኛም አገር እንዲሁ ነው። ሁሉም ሱቁን ዘግቶ ያርፋል?»

«ማንም አይዘጋም። ድምፅ ነው የማይሰማው።»

«አብራችሁ አትቀመጡም?»

«ከማን ጋር?» አለችኝ። ከልቧ ነበር የጠየቀችው። ወዲያው ዓይኗ ግድግዳው ላይ አረፈ። «ይህ ምስማር ነው?»

«ቁልፍ ለመስቀል ነው።»

«ይህን ቁልፍ እኔ አልሰጠሁዎትም።»

«የሱቅ ነው።»

«በዚህ ቤት ውስጥ መነገድ በውላችን ክልክል ነው።»

በጸጥታው ሰዓት ጋደም እላለሁ። ከመስኮቱ ውጪ በረዶው ከጥቅሉ እንደተፈታ አቡጀዲ መንገዱ ላይ ተዘርግቷል። ዓይኔን ስጨፍን የሱቃችን መዝጊያ ግማሽ ድረስ ይወርዳል። ከሥሩ የገባው የብርሃን ሰንበር በጨርቁ ጥቅሎች ላይ ቀስ እያለ ይሳባል፤ ቀዩን፣ ቢጫውን፣ ሰማያዊውን ያልፋል። ሁለቱ ሴቶች ምንጣፍ ላይ ጋደም ብለው ያወራሉ። በአማርኛ የጀመረው ዓረፍተ ነገር በሶማሌኛ አልፎ በኦሮምኛ ያልቃል፤ እነሱም ሽግግሩ አይታወቃቸውም። ትልቅ ነገር ሁሉ የሚወሰነው በዚያ እንቅልፍ ባጀበው ሰዓት ነበር። እኔ ትምህርት እንድገባ የተወሰነውም ያኔ ነው፤ የተኛሁ መስሏቸው። «ትማር» አለች እማ ሂንዲያ፣ «አንባቢ ሻጭ ሜትር ይሳሳታል።» እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ስትስቅ ሰማሁ። ከዚያ ሕልም ስነቃ ክፍሌ ይሞቀኛል። ጥቂት ቆይቶ ይበርደኛል።

ለምርምሬ ዳቦ ቤቶችን፣ ባርኔጣ ሰፊዎችን፣ ቁልፍ ሠሪዎችን ሳይቀር አነጋገርኩ። አንድ ዳቦ ጋጋሪ ከልጁ ጋር በአንድ ቤት ላይና ታች ይኖራል፤ የሚነጋገሩት በጠበቃ ነው። የዳቦ ቤቱን ቁልፍ ለልጁ እንዴት እንዳስረከበው ጠየቅሁት። «በአደራ ፖስታ» አለኝ። ዳቦው ደግሞ ግሩም ነው፤ ያለ ድሬ ፈቲራ ቁርስ ለማይነጋለት ሰው ግን ምን ያደርጋል።

በጥናቴ የመጀመሪያ ምዕራፍ ላይ የእኛን ሱቅ እንደ ምሳሌ ጻፍኩ። ፕሮፌሰሯ ደግ ሴት ናት፤ አንብባ ሻይ ጋበዘችኝ።

«ቆንጆ ታሪክ ነው። ግን ቤተሰብ አይደሉም፤ ሸሪኮች ናቸው። ደም ወይም ጋብቻ ወይም በሕግ የተወሰደ ልጅ ከሌለ ጥናታችን ውስጥ አይገባም።»

«ሁለቱ ቁልፎችስ?»

«እሱ አለመተማመን ነው። ስለ ቁጥጥር የምትጽፊው ላይ ልታነሽው ትችያለሽ።»

ልኩን የጠበቀ ነገር እወዳለሁ። የእሷም ትርጉም ልኩን የጠበቀ ነበር፤ ነቅፌ የምጥለው ቃል አጣሁበት። ሱቃችንን ከምዕራፉ አወጣሁት። ከዚያ ወዲህ «ወራሽ» ብዬ በጻፍኩ ቁጥር እጄ ይከብደኛል። በጥናቱ ትርጉም የእማ ሂንዲያ ወራሽ አይደለሁም፤ ድሬ ላይ ግን አንድ ጥቁር ጓጉንቸር ለእኔ ሲባል አፉን ከፍቶ ተንጠልጥሏል።

እማ ሂንዲያ አርብ አርብ ትደውላለች። ስለ መመለስ ትንፍሽ አትልም። ጉልበቷ ግን ጎንበስ ብሎ መዝጊያ ማንሳት እምቢ አለ፤ ሱቁን የያዘችላት የእህቷ ልጅ ሐምዲ ናት። አንድ ቀን ሐምዲ ለብቻዋ ደወለችልኝ።

«ምሕረት፣ አክስቴ ሱቁን ላንቺ እያስቀመጠችው ነው። ጓጉንቸር ልግዛ ስላት ቦታው ተይዟል ትለኛለች። እኔ እስከ መቼ የሰው ቦታ እጠብቃለሁ? ጅግጅጋ ሥራ አግኝቻለሁ። የምትመጪ ከሆነ ንገሪን፤ ካልሆነም ንገሪን።»

ሐምዲ ከሄደች ሱቁ ያበቃለታል። እኔ ደግሞ ትምህርቴን ስጨርስ እዚሁ ቀርቼ እንዳስተምር ዩኒቨርሲቲው ጠይቆኝ እሺ ብዬ ነበር። ለማንም አልነገርኩም። ቃሉ ከአፌ ከወጣ እናቴ ሁለተኛ የምትሞት ይመስለኝ ነበር።

በሚቀጥለው አርብ እኔ ቀድሜ ደወልኩ፤ ያውም በቀትሩ ጸጥታ ሰዓት። መስመሩ ስለሚቆራረጥ እየጮህኩ ነበር የማወራው።

«እማ ሂንዲያ፣ እዚህ እንድቀር ጠይቀውኝ እሺ ብያለሁ።»

የባጃጅ ድምፅ መጣ። ሱቁ ውስጥ አንዲት ሴት የሽርጡ ቀለም ይለቅ እንደሆነ ትጠይቃለች።

«መቼ ነው እሺ ያልሽው?»

«በበረዶው ጊዜ።»

«አሁን በረዶው ሄዶ አበባ ነው አላልሽኝም?»

«አበባ ነው።»

«ሃዬ» አለች፤ እሺ ማለቷ ነው።

«ሐምዲ የራሷን ጓጉንቸር ታምጣ። የእናቴን አውርዱት። ደግሞም ፕሮፌሰሯ ቤተሰብ አይደላችሁም ብላኛለች።»

«እሷ ማናት? ጠዋት ቁልፍ ፍለጋ ቤታችን መጥታ ታውቃለች?»

በሩ ተንኳኳ። ፍራው ብራንት ናት፤ ስለ ጸጥታው ልትናገር አፏን ከፍታ ፊቴን አየችና ተወችው። «የሞተ ሰው አለ?» አለች በሹክሹክታ። የለም በሚል ራሴን ነቀነቅሁ። ሳትሄድ በሩ ላይ ቆመች።

«ናያ ምሕረት» አለች እማ ሂንዲያ፤ «አንቺ» ማለቷ ነው፣ ልጅ ሳለሁ ስትቆጣኝ እንደምትጠራኝ። «ሐምዲ ነገ የራሷን ትሰቅላለች። ጠዋት ጠዋት እኔ ጋ መጥታ ቁልፌን ትቀበላለች፤ በዚያው ታየኛለች። አውርዱት ያልሽው ግን ምን ማለት ነው? መዝጊያው ጠበበ?»

«ሦስት ሊሆን?»

«ሁለቱ ይቆለፋል። የእናትሽ እንዳለ ይንጠለጠላል።»

እንባዬን ስጠርግ ሰማችኝ።

«ያንቺ አገር እርጥብ ነው አሉ» አለችኝ። «ቁልፉን ዘይት እየቀባሽ አስቀምጪው።»