ለአንድ ጠዋት ሩጫ

ባሌ ለአንድ ጠዋት ሩጫ ከሰቆጣ ሀዋሳ ድረስ ይሄዳል። አንዴ ባሕር ዳር፣ አንዴ አዲስ አበባ፣ ሩጫ አለ ከተባለ ቦርሳውን አንጠልጥሎ መናኸሪያ ነው። አሸንፎ አያውቅም፤ አሸንፋለሁ ብሎም አያውቅም። ታዲያ ምን ሊያደርግ ይሄዳል? ሱቄ ውስጥ ጨርቅ እየለካሁ የማስበው ይህንኑ ነበር። መልሱም አንድ ብቻ ይመስለኝ ነበር፦ ሴት።

ሲመለስ ደግሞ ይብሳል። ከአውቶቡስ ወርዶ ወገቡን ይዞ እያነከሰ ይመጣል፤ ፊቱ ግን የሙሽራ ፊት ነው። ስልኩን ከፍቶ ፎቶ ያሳየኛል። አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ ሰዎች ተቃቅፈው ይስቃሉ፣ መሃላቸው እሱ። እኔ የማየው ሴቶቹን ነው።

«ይቺ ማን ናት?»

«እኔ እንጃ፣ አብራኝ ስትሮጥ ነበር።»

የማያውቃትን እንዲህ የሚያቅፍ ሰው የሚያውቃትን ምን ሊያደርጋት ነው?

አንድ ቀን አላስችል አለኝ። «መሮጥ ከሆነ የፈለግኸው እዚህ ከደጃችን ያለው የጋዝጊብላ መንገድ ምን ጎደለው? እዚሁ ሩጥ!» አልሁት። «እዚህ አይሆንም» አለኝ። «እንግዲያስ ሌላ ነገር አለህ» ስለው ተናዶ ጫማውን አሰረና ወጣ።

የገበያ ቀን ነበር። እኛ አገር ትልቅ ሰው አይሮጥም፤ ከሮጠም መርዶ ይዞ ነው። ከገጠር የሚመጡት ሴቶች ሲያዩት ሸክማቸውን አውርደው ደረታቸውን ይመቱ ጀመር። ጎረቤታችን አሮጊቷ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተከተሉት። ግማሽ ገበያ አስከትሎ ወደ ቤታችን ሲታጠፍ እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ። እናቴ ገጠር፣ ጽጽቃ ታማ ተኝታለች። ባሌ እየሮጠ፣ ሰው ከኋላው እያለቀሰ ሲመጣ ሳይ ሌላ ምን ላስብ? ጮኼ ወደቅሁ።

«ማን ነው የሞተው ልጄ? ንገረን እንጂ!» አሉ አሮጊቷ።

«ማንም አልሞተም እማማ፤ ስፖርት እየሠራሁ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

«ደህና ሰው ያለ ክፉ ወሬ ይሮጣል?» ብለው ተቆጡት።

የእናቴን ድምፅ በስልክ እስክሰማ ድረስ እኔም አላመንሁትም። ከዚያ ወዲያ ሱቄ የገባ ሁሉ የሚጠይቀኝ የባሌን ጤና ሆነ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ቅናቴ አልበረደም። እዚህ መሮጥ ካልተቻለ እሺ፤ የሴቶቹስ ነገር? ሌላ ሩጫ ሲመጣ፣ ነገርን ከሥሩ ብዬ አብሬው ሀዋሳ ወረድሁ። መንገዱ ወገቤን ቆረጠው። ጠዋት ከመንገዱ ዳር ቆሜ ሴቶቹን ስጠብቅ ባሌ ብቅ አለ። ከኋለኞቹ ጋር ነው። አንዲት ሴት «አይዞህ፣ ጎበዝ!» ብላ ስትጮህለት እጁን ከማንሳት በቀር ዞሮም አላያትም። ስሙን ጠራሁ፤ እኔንም አላየኝም። ያለከልካል፣ ይስቃል። ማን ሞተ የሚለው የለም፣ የማን ልጅ ነህ የሚለው የለም።

ቅናት እንደዚያ ቀን አንገብግቦኝ አያውቅም። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ማንም በማያውቀኝ ቦታ አንድ ቀን ውዬ አላውቅም። ሰቆጣ ላይ ሻሽ ብለውጥ ወሬው እኔን ቀድሞ ቤት ይገባል።

ጨርሶ ሲመጣ ውሃ ሰጠሁት። ፊቴን አየና ሳቀ።

«አሁንም ቀናሽ? በየትኛዋ?»

«በሴቶቹ አይደለም፤ በአንተ ነው የቀናሁት» አልሁት። «እንዲህ የሚሳቅበት ቦታ እንዳለ እያወቅህ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻህን ስትመጣ ኖርህ።»

ከውሃው ግማሹን ጠጣና ቀሪውን ለእኔ አቀበለኝ።