የሹፌሩ መለኪያ

ባለፈው እሑድ ፍኖተ ሰላም አንድ ሠርግ ላይ ተቀምጬ፣ ደጋሹ የሚኒባሱን ሹፌር «በሞቴ፣ አንዲት ብቻ!» እያለ አረቄ ሲግተው አየሁ። «ተው፣ ሰው የሚጭን ነው» ብል «እርስዎ ደግሞ ሠርግ ላይ ለቅሶ ያወራሉ!» ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ። እኔ ሠርግ ለቅሶ ሲሆን አይቻለሁ።

እህቴ የሺ የተዳረችው በጥር ነው፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለው መንደራችን። እኔ ያኔ ጢሜ ገና ማቀምቀሙ ነበር። ደጅ የተሰጣው በርበሬ ሽታው ድንኳን ድረስ እየገባ ያስነጥሰናል። ሙሽራው አለሙ ከፍኖተ ሰላም ሚዜዎቹን ይዞ በኪራይ ሚኒባስ መጣ። ሹፌሩ ደረጀ ጭምት ሰው ነበር። በልቶ ሲነሳ አባቴ መለኪያ ይዘው መንገድ ዘጉበት።

«አባባ፣ መሪ የምይዝ ሰው ነኝ፤ ይማሩኝ።»

«እኛ ቤት ሹፌር በደረቅ ጉሮሮ አይወጣም! ልጄን አምኜ እየሰጠሁህ አረቄዬን ትንቃለህ?»

በኛ አገር የደጋሽ ክብር የሚለካው በሹፌሩ ስካር ነው። ቀጥ ብሎ ከሄደ «እነ እንትና ቤት ምን ተጠጣና!» ይባላል። ስለዚህ ደረጀ አንዱን የአባቴን፣ አንዱን የአጎቴን፣ አንዱን የየሺን ክርስትና አባት እያለ ጨለጠው። ሊወጣ ሲል እግሩ ደረጃውን ሳተ። ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጦም ቁልፉን ከማስገቢያው አጠገብ ይወጋል፣ ይወጋል። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ለስካሩ!

«አባባ፣ ሰውየው ቁልፍ ማስገባት እንኳ አቅቶታል» አልኩ።

«ዝም በል! በቅሎ እንኳ ሰካራም ጌታዋን ቤቱ ታደርሳለች።»

በቅሎ ዓይን አላት። ሚኒባስ ምን አለው?

ከአጃቢዎቹ ጋር ኋላ ገባሁ። ሚዜዎቹ እየዘፈኑ አስፋልቱን ያዝን። ከፊታችን እህል የጫነ ጋሪ ይሄዳል። ደረጀ አይቶታል፤ «ጋሪ!» ሲል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ዓይኑ አየ፣ እግሩ ግን ዘገየ። ፍሬኑን ፈልጎ እስኪያገኝ ቦዩ ውስጥ ተገልብጠናል። አለሙ እዚያው ሞተ። የሺ ቬሎዋን እንደለበሰች ራሱን ጉልበቷ ላይ አስተኝታ «ተነስ እንጂ፣ ልንደርስ እኮ ነው» ትለው ነበር።

ለቅሶው ላይ ማን ተወቀሰ? መለኪያውን የያዙት? ወዲያ! ደረጀ ታሰረ። አባቴ «የእግዜር ቁጣ ነው» አሉ። የአለሙ ወገኖች ደግሞ እህቴን «ገፊ» አሏት፤ ደጃፉን ሳትረግጥ ባሏን የበላች! አባቴ ይህን ሰምተው ዝም አሉ። ያን ዝምታቸውን በሕይወት ሳሉ ይቅር አላልኳቸውም፤ ሞተውም አላልኳቸውም።

የሺ ዛሬም ቡሬ ብቻዋን ትኖራለች። ሊያገባት የመጣ ሁሉ «ገፊ ናት» ሲሉት ከመንገድ ተመልሷል። እሷም አምናቸዋለች፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው፤ ብዙ መጻፍ አልችልም። ይህችን ግን እጽፋለሁ፣ ማንበብ የቻለ ያንብብላት፦ የሺ፣ ባልሽን አንቺ አልገደልሽውም። የገደለው አባታችን በእጃቸው የቀዱት አረቄ ነው።