ሳልነሳ የቀረሁበት ጨዋታ

ነጭ ጋዝ ሲሸተኝ ደሜ ይፈላል። መብራት በጠፋ ቁጥር የልጅ ልጆቼ ፋኖስ ያወጣሉ፤ ክሩ ጢሱን ሲተፋ እኔ ባቡር ጣቢያው መጋዘን ውስጥ በጀርባዬ እንደተጋደምኩ ነኝ። "አባባ ደግሞ ተቆጡ" ብለው ይስቃሉ። ይሳቁ።

ናዝሬት ያን ጊዜ አዳማ ብቻ ነበረች፤ ሐዲድ፣ ጣቢያ፣ ጥቂት የቆርቆሮ ቤትና ግራር። እኔ ከአርሲ በበቅሎ የሚወርደውን እህልና ቆዳ ፉርጎ ላይ የምጭን ኩሊ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ ወዲህ ነው። እናቴ ስለ እኔ ስትጠየቅ "ትከሻ ነው እንጂ ሌላ ነገር አልወጣውም" ትል ነበር። የምትመካው በታላቅ ወንድሜ ነው። እሱ ለሐዲድ ሥራ ወደ ድሬዳዋ ወርዶ በወባ ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። መርዶውን አንድ የባቡር ሠራተኛ ገበያ መሐል አፈረጠላት፤ ለወጉ እንኳ ሽማግሌ አልተላከም። እናቴ ዘንቢሏን አንስታ ቤቷ ገባች። ሬሳውን ሳላይ አላለቅስም አለች። እሷ ካልጀመረች ማን ይጀምር ብሎ ጎረቤቱም ዝም አለ።

በዚያ ዓመት ከመስቀል ጀምሮ የቴሌግራፍ ጸሐፊው መጋዘኑ ውስጥ ጨዋታ ያሳይ ነበር። ቴያትር የሚባል ቃል ገና አልሰማንም። ጆንያ ደርድረን መድረክ እንሠራለን፣ አንሶላ እንጋርዳለን፤ የሴቷን ቦታ ልብስ ሰፊው ይጫወታል። መጀመሪያ ስለ አንድ ስስታም የበቅሎ ነጋዴ አሳየን፤ ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ቀጥሎ ዘፈን ያለበት ሠርግ መጣ፣ ግማሹ በአማርኛ ግማሹ በኦሮምኛ። ተመልካቹ ተነስቶ አብሮ ጨፈረና የሙሽራዋ ቀሚስ ተቀደደ። ከዚህ መማር ነበረብን። አልተማርንም።

በሦስተኛው ጨዋታ ለእኔም ደረሰኝ። አደን ወርዶ ሞተ ተብሎ በቃሬዛ የመጣ ልጅ ነኝ፤ እናቱ ሙሾ ታወርድለታለች፣ መጨረሻ ላይ ከሰመመኑ ነቅቶ ረጅም ንግግር ያደርጋል። ጸሐፊው እያነበበልኝ፣ እኔ ጆንያ ተሸክሜ እየደገምኩ ሸመደድኩት።

"አንተ፣ ጭንቅላትህ ወንፊት መስሎኝ ነበር" አለኝ አንድ ቀን። ከሱ አፍ ይህ ምስጋና ነው።

እናቴን መጥታ እንድትሰማኝ ለመንኳት።

"ምን ልትል?"

"መጥተሽ ስሚያ።"

እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር። መጋዘኑ መስኮት ስለሌለው ፋኖሱ ተለኮሰ፤ ጋዙ፣ ጥሬ ቆዳው፣ የሰው ላቡ አንድ ላይ ያፍናል። ጋቢ አልብሰውኝ ተጋደምኩ። ልብስ ሰፊው ነጠላውን ዘቅዝቆ ለብሶ ደረቱን መታና ሙሾውን ጀመረ። ያ ሰው ምን ነበር ትንሽ እንኳ ቢያበላሸው። አንጀት በላ።

ከኋላ አንዲት ሴት ተቀበለችው። ሙሾ እየወረደ እጅን አጣጥፎ ማየት እኛ ዘንድ ነውር ነው። ሌላዋ ቀጠለች። አንዷ "ያ ዋቅ" እያለች፣ በኦሮምኛ አምላኳን እየጠራች፣ ደረቷን ትደቃለች። ከዚያ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ። የወንድሜን ስም ጠራች።

ጸሐፊው ከመጋረጃው ጀርባ "ንቃ እንጂ፣ ንቃ" ይለኛል። ጋቢውን ልገፍፍ ስል አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ደረቴ ላይ ጫን አደረጉ። "ተኛ ልጄ" አሉኝ ዝቅ ብለው፤ "እናትህ ይውጣላት።" ተኛሁ። አገር ሁሉ እኔ ላይ ቆሞ ለሌላ ሰው አለቀሰ።

በማግስቱ ጨዋታው ሊደገም ነበር። የት ይደገማል፤ ለቅሶው ተጀምሯል። ጎረቤቱ እንደ ወጉ እንጀራና ወጥ ይዞ እኛ ቤት እስከ ሰልስት ተቀመጠ፤ ተዋናዮቹም መጡ። ጸሐፊው ንፍሮውን እያላመጠ "ክረምቱን ሙሉ የጻፍኩትን ለቅሶ ቤት አደረጋችሁት" አለ።

"ማን ሙሾ ጻፍ አለህ?" አለው ልብስ ሰፊው። "ሠርጉን ብትደግም ቀሚሴን ጠቅሜ አስቀምጬው ነበር።"

እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። መርዶው ከመጣ ወዲህ ስትስቅ ገና ያን ቀን አየኋት።

ጨዋታው በዚያው ቀረ። ሁዳዴ ገባ፣ የጣቢያው ሹም መጋዘኑን ለእህል ፈለገው፣ ጸሐፊውም ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛወረ። እኔ ወደ ጆንያዬ።

ያኔ፣ በሰልስቱ ሰው ሲበተን እናቴ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። "መጋዘኑ ውስጥ ልትናገር የነበረውን አሁን በለኝ። እሰማሃለሁ።"

ብድግ አልኩ። አንድ ቃል አልጠፋብኝም፤ ዛሬም አልጠፋብኝም። መጀመሪያው "እናቴ ሆይ፣ እንባሽን አብሺ፤ ልጅሽ አልሞተም፣ ይኸው በደጅሽ ቆሟል" የሚል ነው። ፊቷን አየሁት። ዓይኗ ገና እንዳበጠ ነው።

"ጠፋኝ" አልኳት።

"አውቄው ነበር" አለች፤ ድምፅዋ ቁጣ የለበትም። ከትሪው ላይ ጉርሻ ጠቅልላ አፌ ውስጥ ከተተችልኝ። አላምጬ ዋጥኩ።