ምድር ቤት የተላገው ሳንቃ

«ወረቀቱን ተወው፤ እጅህ የሠራውን አምጣ» አለኝ የጀልባ ጥገና ቤቱ ባለቤት።

እፎይ አልሁ፤ ምክንያቱም ወረቀት አልነበረኝም። ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይሉ ወርክሾፕ ውስጥ የፋይበር ጀልባ ስጠግን መኖሬን የሚመሰክር አንዲት ብጣሽ እንኳ ይዤ አልወጣሁም። ስቶክሆልም የገባሁት ደግሞ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ስዊድኖቹ ራሳቸው ሥራ አጥተው በሚተክዙበት ጊዜ ነው። ሰው ሲታመም ወይም ሲቀር ተጠርቼ ደረጃ እጠርጋለሁ፤ ካልተጠራሁ ሃሉንዳ የሚባለው ሰፈር ቤታችን ቁጭ ብዬ መስኮት አያለሁ። ቤቱን ያቆመችው ባለቤቴ ነበረች። ጠዋት ማታ አረጋውያንን ቤት ለቤት እየዞረች ታግዛለች። አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ እኔ ግን አፍር ነበር። ከብርዱ ይልቅ የጎዳኝ እሱ ነው።

ጥገና ቤቱ ከከተማው በስተደቡብ፣ ባሕሩ ዳር ነው። ማንም ሳይጠራኝ ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። ባለቤቱ ጸጉሩ የሸበተ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። በጸደይ ጀልባዎቹ ሁሉ ውሃ ስለሚገቡ ከዚያ በፊት አንድ ሠራተኛ እፈልጋለሁ አለኝ፤ ግን የማያውቀውን እጅ አይቀጥርም። «ጀልባ ሥራ አልልህም፤ የት ታስቀምጠዋለህ?» ብሎ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ አፍንጫው የተሰበረ ሳንቃ አሳየኝ። እሱና ጥቂት መሰሎቹ በመኸር ወጀብ ባሕር ገብተው፣ እንዲህ ያለ ሳንቃ ላይ ቆመው ማዕበል ይጋልባሉ። የሚሸጥበት ቦታ ስለሌለ ራሳቸው ይሠሩታል። «ይህ ነገር ስህተት አይደብቅም። አንድ ሠርተህ አምጣ፤ ከተሸከመኝ እንነጋገራለን። ዘግይተህ ከመጣህ ግን ሌላ ሰው ቀጥሬ ታገኘኛለህ።»

ጀልባ ሆድ ውስጥ የሚሞላውን ብጫ ፎም፣ ትርፍራፊ የፋይበር ጨርቅና ጨርቁ ላይ ተቀብቶ የሚጠነክር፣ ሬዚን የሚሉት ሙጫ አንድ ጣሳ ሰጠኝ። የተሰበረውን ሳንቃ ወረቀት ላይ አስተኝተን ግማሽ ጎኑን ብቻ ሳልነው፤ ወረቀቱ ሲገለበጥ ሌላውን ግማሽ ይሰጣል። በዚያ ዓይነት ቀኙና ግራው አይጣሉም።

የሕንጻችን ምድር ቤት ውስጥ ለእያንዳንዱ ቤት በሽቦ የታጠረ የዕቃ ማስቀመጫ አለ። የእኛን ባዶ አደረግሁት። ፎሙን መሐል ለመሐል ሰንጥቄ፣ ወገብ እንዲሆነው ቀጭን እንጨት አስገብቼ አጣበቅሁት። ከዚያ መጋዝ፣ ከዚያ መላጊያ፣ ከዚያ ሞረድ፣ መጨረሻ ላይ የብርጭቆ ወረቀት። የምድር ቤቱ መብራት በራሱ እየጠፋ ያናድደኝ ነበር። በኋላ ግን ጨለማው ጠቀመኝ፤ የእጅ ባትሪ ሳንቃው ጎን መሬት ላይ ሳስተኛ፣ ዓይን የማያየው ጉብታ ሁሉ ጥላ እየጣለ ራሱን አጋለጠ። ጉብታውን እየላግሁ፣ በመዳፌ እየዳሰስሁ፣ እንደገና እየላግሁ ዋልሁ። ደስ አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ እጄ የሚያውቀውን ነገር አገኘ።

ማታ ስወጣ ባለቤቴ በር ላይ አስቆመችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ሽሮ ስታስፈጭ ነው የዋልከው?» አለች። እስከ ቅንድቤ ብጫ ነበርኩ። ልብሴን ኮሪደር ላይ አስወልቃ አራገፈችው።

ክንፉን የሠራሁት ሰው ከጣለው የቁም ሳጥን ኮምፔንሳቶ ነው። ክንፍ የምለው ከሳንቃው ጭራ ሥር ወደ ውሃው የሚወርደውን ነው፤ እሱ ከሌለ ሳንቃው እንደ ሰከረ ይንሸራተታል። ኮምፔንሳቶ ሲሞረድ ድርብርቡ መስመር መስመር እየሆነ ይወጣል። የግራው መስመርና የቀኙ መስመር እኩል እስኪሄዱ ድረስ ሞረድሁት።

ቀጥሎ ጨርቁን ማልበስ ነበር። ይህ የእኔ ነው፤ ማንም አያስተምረኝም አልሁ።

ምጽዋ ላይ ሬዚን የሚነካው ጎሕ ሳይቀድ ነው። ፀሐይ ከወጣች ጣሳው ውስጥ እንዳለ ይፈላል፤ ብሩሹን እንደያዘ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ አለቃችን ሬዚኑን የሚያደርቀውን ማጠንከሪያ በጠብታ ነበር የሚያስጨምሩን፤ አንዲት ብታልፍ እናታችንን ያነሡብን ነበር። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ? እኔም ሃሉንዳ፣ መጋቢት ላይ፣ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቼ ምድር ቤት ወረድሁ። ሕንጻው ከሰዓቶች ሁሉ በሚበርድበት ሰዓት፣ በዚያችው በምጽዋ ጠብታ ሬዚኑን በጠበጥሁ። ጨርቁ ያለ አንዲት ሽብሽብ ተኛልኝ። እያፏጨሁ ወጣሁ።

ማታ ወርጄ ብነካው ጣቴን ያዘኝ። በማግስቱም ያዘኝ። ሳምንት ሊሞላው ሲል እንኳ ማር ነበር። እዚያው ሽቦው ውስጥ ቆሜ ነገሩ ገባኝ፤ በብርድ ማጠንከሪያው መብዛት ነበረበት። እኔ አገር ቀይሬአለሁ፤ እጄ ግን ገና ምጽዋ ነበር። ተናደድሁ፤ ጣሳውን በእርግጫ መታሁት።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለችኝ ባለቤቴ።

«ኧረ አልቸኮልሁም! እንዲያውም ማልጄ ነው የተነሣሁት።»

«እሱን ነው የምልህ። ለማንኛውም ነገ ትቬትስቱጋ ተራችን ነው፤ ማድረቂያ ክፍሉ ይሞቃል።»

ትቬትስቱጋ የምትለው የሕንጻውን የጋራ ልብስ ማጠቢያ ነው። እዚህ አገር በሰው የማጠቢያ ሰዓት መግባት ጠብ ያመጣል፤ በራስ ሰዓት ግን ንጉሥ ነህ። ሳንቃውን ተሸክሜ ገባሁ፣ በልብስ ማስጫው ገመድ አንጠለጠልሁት፣ የሙቅ አየር ማሽኑን እስከ ጥግ አዞርሁት። ጠነከረ። እሰይ ልል ስል ገለበጥሁት። በሆዱ በኩል ፎሙ ውስጥ የነበረው አየር ሞቆ፣ ጨርቁን እያነሣ፣ የተቃጠለ ቆዳ ውሃ እንደሚቋጥር ቋጥሮ አገኘሁት። ሽታው ደግሞ ራስ ያዞራል።

በዚህ መሐል ቀጣዩ ተራ ደርሶ ኖሮ፣ ከላያችን የሚኖሩት አሮጊት የልብስ ቅርጫታቸውን እንደያዙ በሩን ከፈቱ። ሳንቃውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አየሩን አሸተቱ። ሊጮኹብኝ ነው ብዬ መልሴን አዘጋጀሁ፤ ያን ቀን ጠብ አምሮኝ ነበር።

«ስንት ዲግሪ ነው የሚፈልገው?» አሉኝ።

«አላውቅም» አልኋቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ስዊድኖች የወጥ ቤታቸው መስኮት ላይ ቴርሞሜትር ይሰቅላሉ፤ እሱን ሳያዩ ኮት አይመርጡም። እኔና ባለቤቴ በዚህ ስንስቅባቸው ኖረናል። ብርድ ለማወቅ ማንበብ ያስፈልጋል እንዴ፣ አፍንጫን ብቅ ማድረግ ነው እል ነበር። አሮጊቷ ወጡና የራሳቸውን ቴርሞሜትር ከነብሎኑ ነቅለው ተመለሱ። እጄ ላይ አኖሩትና፣ «በል አሁን መስኮቱን ክፈት፤ አንሶላዬ ጀልባ ጀልባ እንዲሸት አልፈልግም» አሉ።

የቋጠረውን ሆድ በመሮ ልጬ፣ ፎሙ ድረስ ወርጄ እንደገና አስተካከልሁ። የቀረው ሬዚን ለአንድ ጊዜ ብቻ ነበር የሚበቃው። ጸደዩ እየገባ ነው፤ ሰውዬው ሌላ ሰው ይቀጥር ይሆናል እያልሁ እንቅልፍ አጣሁ። ግን አልተውሁትም። ከጣሳው ጀርባ ያለውን የስዊድንኛ ጽሑፍ በመዝገበ ቃላት ፈታሁት፤ ለዚህ ሙቀት ይህን ያህል፣ ለዚያኛው ይህን ያህል ይላል። ሁሉም ነገር መጀመሪያውኑ እዚያው ላይ ተጽፎ ነበር።

«ሳሎን ነው የምሠራው» አልኋት ባለቤቴን።

ሶፋውን አየች፣ እኔን አየች። «ቢበላሽስ?»

«አይበላሽም።»

«እንግዲያው ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ብላ ፕላስቲክ ማንጠፍ ጀመረች። ሽታውን ግን አልቻለችም፤ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ ዘንድ ሄዳ አደረች። እኔ ቴርሞሜትሩን ከሳንቃው አጠገብ አንጠልጥዬ፣ መጀመሪያ በስኒ ትንሽ በጥብጬ ሞከርሁ። ጠነከረ። ከዚያ፣ ጎሕ ላይ ሳይሆን በቀትር፣ ሆዱን አለበስሁት። ወደ ማታ ጥፍሬን ብጫነው አልገባም። ባዶ ቤት ውስጥ ብቻዬን እልል አልሁ።

ሳንቃውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ከመሬት ሥር በሚሄደው ባቡር፣ ከዚያ ፔንደልቶግ በሚሉት የከተማ ዳር ባቡር ወሰድሁት። ሰዉ ያየኛል፤ እኔ መስኮት አያለሁ። ወሽመጡ ጥግ ጥጉን ገና በረዶ ነበር። ጥገና ቤቱ ውስጥ አዲስ ሰው አለመኖሩን ሳይ ጉልበቴ ተመለሰ።

ሰውዬው ሳንቃውን እንደ ጠመንጃ አነጣጥሮ አየው። ገለበጠው፤ ሆዱን በመዳፉ ዳሰሰ። «ይህ ወገን ሁለት ጊዜ ተሠርቷል» አለ።

«አዎ» ብዬ የምጽዋን ጠብታ ነገርሁት። አልሳቀም። ጥቁር የጎማ ልብሱን ለብሶ ወደ ክፍቱ ባሕር ዳር ይዞኝ ሄደ። ነፋሱ ማዕበል አንሥቶ ነበር። በደረቱ ተኝቶ በእጁ እየቀዘፈ ገባ፤ ቆመ፤ ወደቀ። ቆሜ ሳየው ጫማዬ ውሃ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ አላወቅሁም። እንደገና ቆመ፤ በዚህኛው ጊዜ ማዕበሉ እስከ ድንጋዮቹ ድረስ አመጣው።

ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። ጥገና ቤቱ አስገባኝና ጎኑ የተበሳ ጀልባ አሳየኝ። «ይህን አሁን ጠግን ብልህ፣ ማጠንከሪያው ስንት ነው?»

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር፤ የምጽዋው መልስ። አፌን ዘጋሁና ግድግዳ ግድግዳውን አየሁ። ቴርሞሜትሩን በሩ ጀርባ ተሰቅሎ አገኘሁት፤ ሄጄ አነበብሁት።

«ዛሬ ሬዚን አልነካም» አልሁ። «መጀመሪያ ምድጃው ይቀጣጠላል።»

ሳንቃዬን ወስዶ ከተሰበረው አጠገብ ሰቀለው። «እንግዲያው ሰኞ ማገዶውን የምታስገባው አንተ ነህ» አለኝ።