ቦራ የፈረደችበት ውሃ

ባሂራ ቡታጅራ ላይ ባጃጅ ማጠብ ከጀመረች ስምንት ዓመት ሆናት። በአንድ ባልዲና በአንድ ጨርቅ ተነስታ፣ ዛሬ ወንዙ ዳር የቆርቆሮ ጥላ ያለው ላቫጆ አላት። እጇ ጎማ ሲፈትግ አፏ ያንጎራጉራል። ሾፌሮቹም፣ "እዚህ ባጃጁም ነፍሱም ይታጠባል" ይሉላታል።

ወንዙ ግን እንዲህ አይላትም ነበር። የሳሙናው አረፋ፣ የተቃጠለው ዘይት፣ ጭቃው ሁሉ በቦይ እየወረደ ይገባበታል። ከላቫጆው በታች የምትኖረው ጎረቤቷ ሳሌሃ፣ ቦራ የምትባል ግንባረ ነጭ ላም አለቻት። ቦራ አንድ ቀን ውሃውን አሸተተች፣ አፍንጫዋን ነፋች፣ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ወዲያ ሳሌሃ ላሟን ለማጠጣት ሽቅብ፣ ከላቫጆው በላይ ድረስ መንዳት ግድ ሆነባት።

ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ሐጂ ከማሉ ሁለቱንም ሰምተው ጢማቸውን አሻሹ።

"የአረፋ በዓል ሦስት ወር ቀርቶታል። በዋዜማው ቦራን ከቦይሽ በታች እናቆማታለን። ከጠጣች ላቫጆሽን ይዘሽ ኑሪ። እምቢ ካለች ቆርቆሮሽን ትነቅያለሽ። ትፍረድ እሷው!"

ባሂራ ያን ቀን አላንጎራጎረችም። ከላቫጆው ሌላ ምን አላት? ሞተሩን ሊያሳጥብ የመጣው መምህር ደረጄ ግን ወረቀት አውጥቶ ሦስት ጉድጓድ ሣለላት። አንደኛው ዘይቱ የሚንሳፈፍበትና የሚቀዳበት፤ ሁለተኛው በጠጠር፣ በአሸዋና በከሰል የሚያጣራ፤ ሦስተኛው ውሃ የሚወድ ተክል የሚተከልበት።

ቆፈረች። መዳፏ እስኪላጥ ቆፈረች። ውሃ የሚወድ ተክል ሲባል ደግሞ ሐሳቧ ሩቅ አልሄደም። እንሰት ለጉራጌ ያልሆነው ነገር አለ? ምግቡ እሱ፣ ገመዱ እሱ፣ ምንጣፉ እሱ፤ በበጋ እንኳ ሆዱ ውሃ አያጣም! ስድስት ችግኝ ተሸክማ መጥታ ሦስተኛው ጉድጓድ ውስጥ ተከለች።

ባጃጅ ነጂው ምስጋና ሳቁን መያዝ አቃተው። "ማዘር፣ ባጃጅ ልታጥቢልን ነው ቆጮ ልትፍቂልን?"

"ዝም በል፣ አንተ! ጎማህን አዙር!"

አረፋ ሦስት ሳምንት ሲቀረው እንሰቱ ቢጫ ሆነ፤ ሥሩ በሰበሰና ሽታው መንደሩን ሞላ። ባሂራ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ ከጀርባዋ ሳቅ ሰማች። ሳሌሃ ነበረች።

"አንቺ ሴት! እንሰት ሆዱ ውስጥ ውሃ ይይዛል እንጂ ውሃ ውስጥ ይኖራል ያለሽ ማነው?"

"ሳቂ! የቀረሽ እሱ ነው።"

ሳሌሃ ግን ሳቋን አቆመች። "ይሄ ዳርቻ ቄጠማ በቄጠማ ነበር። ሳሙናሽ ጨረሰው። ጓሮዬ ረግረጉ ላይ ጥቂት ቀርቶኛል፤ ነይ እንንቀል። ደግሞ ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ፤ ለቦራ ነው።"

ሁለቱ ሴቶች ጉልበታቸው ድረስ ጭቃ ውስጥ ገብተው ቄጠማውን በእንሰቱ ቦታ ተከሉ። ቄጠማው ያዘ። ቀን በቀን ውሃው ከቡናማ ወደ ግራጫ፣ ከግራጫ ወደ ጠጠር የሚያሳይ ሆነ። የሚበዛውን በፓምፕ መልሳ ጎማ ታጥብበታለች፤ የተረፈው ወደ ወንዙ ይወርዳል። የባሂራም ዜማ ተመለሰ፦

ሂጂ ወንዜ ሂጂ፣ እድፉ ይቅር ከኔ፣
ላሟ ስትጠጣሽ፣ እንዲጠግብ ዓይኔ።

የአረፋ ዋዜማ ደረሰ። ከአዲስ አበባ ለበዓል የገቡ ሁሉ ሳይቀሩ ዳርቻው ላይ ተሰበሰቡ። ሳሌሃ ቦራን ከቦዩ በታች አቆመችና ገመዱን ለቀቀችው። ቦራ ሽቅብ፣ ወደለመደችው መንገድ አየች። ከዚያ ላሟ አንገቷን ዝቅ አደረገች፣ አሸተተች፣ አፍንጫዋን ነፋች...

ጠጣች። ቀና ብላ ከአገጯ ውሃ እያንጠባጠበች አየቻቸው፤ ደግማ ጠጣች።

"አልሐምዱሊላህ! ፈረደች!" አሉ ሐጂ ከማሉ። ባጃጆቹ ጡሩምባቸውን አንጫጩት። ሳሌሃ እልል ብላ ባሂራን አንገቷን አቀፈቻት። "ከነገ ጀምሮ ሽቅብ አልነዳም፤ ገላገልሽኝ!"

ዛሬ ቄጠማው ከጉድጓዱ አልፎ ወንዙን ተከትሎ ወርዷል። ከላይ፣ ደረቁ መሬት ላይ ደግሞ ሌላ ስድስት እንሰት በተጣራው ውሃ ይፋፋል። ምስጋና ባለፈ ቁጥር፣ "ማዘር፣ ቆጮው መቼ ነው?" ይላል።

"ጎማህን አዙር!" ትለዋለች ባሂራ፤ ዜማዋን ሳታቋርጥ።