ወደ ግቢ የወጡት ወንበሮች

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሳሎኑን አስተካክላለሁ ብላ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ወደ ግቢ ስታወጣ፣ የእንጨት እግር ሲሚንቶ ላይ ሲጎተት ከጓዳ ሰምቼ ወጣሁ። «አኮ፣ እንግዳ ደስ ብሎት እንዲገባ እኮ ነው» አለችኝ። እንደ አባቷ ወገኖች አያቷን አኮ ነው የምትለው። መልሺ አልኳት፤ ምክንያቱን አልነገርኳትም።

በደርግ ጊዜ፣ ገና ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ፣ አናጺ የነበረውን አባቴን ከሥራ ቦታው ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ እሱ ከዋንዛ በሠራው አግዳሚ ላይ ለመቀመጥ ይሻሙ የነበሩ ጎረቤቶች፣ ደጃችን ሲደርሱ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ስበው ወደ ማዶ ይሻገሩ ጀመር። እናቴ ጥፋቱን በሰው ላይ አላደረገችም፤ ቤቱ ጨለማ ሆኖባቸው ነው አለች። አዲስ ዕቃ መግዛት ስለማትችል ያለውን ታዘዋውር ጀመር። ቡፌውን ከመስኮቱ አነሳች፣ የሰርጋቸውን ፎቶግራፍ ከመኝታ ቤት አወጣች፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብላ በቀይ ክር የጠለፈችውን ጨርቅ ከበሩ ትይዩ ሰቀለች፤ የአባቴንም ወንበር በሩን እንዲያይ አዞረችው። የሱ ድርሻ ነው ብዬ እዚያ ላይ ወንድሜን ይቅርና ድመቷን እንኳ አላስቀምጥም ነበር።

ማንም አልመጣም። አንድ ቀን ጠዋት ግድግዳውን ኖራ ልንቀባ ዕቃውን ሁሉ ወደ ግቢ አወጣን። አግዳሚውን በሁለት ጫፍ ይዘን ስንወጣ እናቴ «ቀስ በይ፣ እንዳትፍቂው፤ አባትሽ ሲመጣ ይቆጣሻል» አለችኝ። በሰፈራችን የቤት ወንበር ሁሉ ግቢ የሚደረደረው ለለቅሶ ብቻ መሆኑ ለሁለታችንም ትዝ አላለንም።

መጀመሪያ ደረቷን እየመታች የገባችው የአጥር ጎረቤታችን አዳዳ ጫልቱ ናት፤ ባትወልደንም ሁላችንም እንደ አባታችን እህት አዳዳ እንላት ነበር። ለጥየቃ የፈራው ሰፈር ለለቅሶ መቅረት አይችልምና ከኋላዋ ተከታትሎ ገባ። እናቴ ሰው ስታይ ኖራ የነካውን እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ፈገግ አለች። «ግቡ፣ ግቡ፣ ገና አልጨረስንም» አለች። አዳዳ ጫልቱ አንገቷን አቅፋ፣

«ልጄ፣ ማን ደፍሮ ነገረሽ?» አለቻት።

ለካስ ሰፈሩ በሙሉ የአባቴን መሞት ካወቀ ወራት አልፎታል። ፈርተው ነው ይባላል፤ መፍራታቸውን አልክድም። ግን እናቴ ለሞተ ሰው ወንበር ስታዞር በአጥር ቀዳዳ እያዩ ዝም ማለታቸው ትክክል አልነበረም፤ እኔም እስካረጅ ይቅር አላልኳቸውም።

ያን ቀን አግዳሚው ሞላ። በአባቴ ወንበር ላይም አንድ ሰው ተቀመጠ። ተነሣ አላልኩትም።

ከዚያ ቤት የቀረኝ ያ ወንበር ብቻ ነው። ቅዳሜ የልጅ ልጄ መልሳ ስታስገባው ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አደረገችው። አላዞርኩትም።